የፈንቴ ቤት ሠርግ

ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት የእኅቱን ሠርግ ሊያዘጋጅ ወደምሠራበት የሠርግ ዕቃ ኪራይ መጋዘን መጣ። ደብረ ታቦር ውስጥ ድግስ ያለበት ሰው ሁሉ የሚጠይቀውን ጠየቀኝ፤ ወንበሩ ይበቃል ወይ፣ ድምፅ ማጉያው አይንጫጫም ወይ፣ መብራት ቢጠፋ ጀነሬተር አለ ወይ። ሁሉንም መለስኩለት። ሊወጣ ሲል በሩ ላይ ቆመና ስልኩን በእጁ እያገላበጠ፣ «አንድ ነገር ደግሞ አለ» አለኝ። «ሞቅ ያለ ሠርግ እንዲሆን ነው የምንፈልገው፤ ሰው ተጫውቶ፣ ደስ ብሎት እንዲሄድ። እናታችን ግን ጥቁር ለብሳለች። አባታችን ካረፈ ዓመት አልሞላውም። ካሜራው እሷ ወደተቀመጠችበት እንዳይዞር ለልጆቹ ንገርልኝ።» እሺ አልኩት። እሱ ከሄደ በኋላ የጀመርኩትን ሥራ ትቼ፣ ከተደረደሩት ወንበሮች በአንዱ ላይ ተቀመጥኩ። ዕድሜዬ ገና ትዝታ የሚያስወራ አይደለም። ግን ብዙ ሠርግ ያየ ሰው ቶሎ ያረጃል መሰለኝ፣ አብረውኝ የሚሠሩት ልጆች «ሽማግሌው» ይሉኛል። የዚያን ቀን ስሙ ልክ ሆነብኝ። እዚያው ወንበር ላይ እንዳለሁ፣ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ፣ ወደ ታላቅ እኅቴ ወደ ውባለም ሠርግ ሄድኩ።

አገራችን ከገሳይ ወደ ጉና ሲወጣ፣ ገብስና ድንች እንጂ ጤፍ የማይበቅልበት ደጋ ነው። ያን ጊዜ መኪና የሚደርሰው እስከ ገሳይ ብቻ ነበር፤ ከዚያ በላይ በእግር ወይም በበቅሎ ነው። ሠርግ ማለትም ዳስ ነበር። ባላ ይተከላል፣ በላዩ እንጨት ይጋደማል፣ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ከነቅጠሉ ይለብሳል፣ ወለሉ ላይ ለምለም ሣር ይጎዘጎዛል። አግዳሚውን ከቤተ ክርስቲያኑ ሰንበቴ ቤት እንዋሳለን። ጎረምሶቹ ካኪ ኮታቸውን ለብሰው፣ ኮንጎ ጫማቸውን ጅረት ወርደው አጥበው ይመጣሉ፤ ባትሪ ድንጋይ አዋጥተው ገዝተው ቴፕ የሚያስከፍቱም ነበሩ። ባትሪው ሲደክም ዘፋኙ እያዛጋ የሚዘፍን ይመስል ነበር፤ ያም ሆኖ ይጨፈርበታል። የሴቶቹ ቀሚስ የሚሰፋው ደብረ ታቦር፣ ከገበያው በላይ ባለችው ማዕዘን፣ በረንዳ ሥር የእግር መኪናቸውን ይዘው ከተኮለኮሉት ሰፊዎች ዘንድ ነው። አንድ ሙክት ተሽጦ የሙሽራዋ ቀሚስም፣ ነጠላም፣ ጫማም ተገዝቶበት፣ ለመንገድ የሚሆን ሻይና ዳቦ ይተርፍ ነበር። ዛሬ ሙክት የሸጠ ሰው ለአዳራሹ አበባ እንኳ አይበቃውም። ደስ የሚለኝ ግን ርካሽነቱ አይደለም። ሁሉም ነገር በሰው እጅ ስለሚሠራ የማን እጅ የት እንዳለበት ይታወቅ ነበር። ይህ ባላ የእገሌ ነው፣ ይህ ጋን ከእገሊት ቤት የመጣ ነው ይባላል። ዛሬ የእኔን ወንበሮች የት እንደተሠሩ እኔም አላውቅም።

ውባለምን ለጉና ሰዎች ቃል የሰጠው አባቴ ፈንቴ ራሱ ነበር። ሽማግሌ ተቀብሎ፣ አማቾቹን መርጦ፣ ገብሱ ሲገባ ጠላ እንዲጠመቅ አዝዞ፣ ክረምቱ ሳይወጣ በሳንባ ሕመም አረፈ። እናቴ ቀሚሷን ራሷ አፍልታ አጠቆረች። ፀጉሯን ተላጨች፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰች። «ዓመቱ ሳይሞላ ይህ ከል ከላዬ አይወልቅም» አለች፤ ማንም አልተቃወማትም፤ የአገሩ ደንብ ነው። ከል የለበሰ ሰው ባለበት ቤት ከበሮ አይመታም፣ እልልታ አይሰማም። ችግሩ የመጣው ጥር ሲገባ ነው። የሙሽራው አባት አርጅተው አልጋ ይዘው ነበርና፣ «ልጄን ድሬ ልሙት፤ ቅበላ ሳያልፍ ይሁንልኝ» ብለው ላኩ። ዐቢይ ጾም ከገባ እስከ ፋሲካ ሠርግ የለም፤ ሰውየው ደግሞ ፋሲካን ስለማየታቸው የሚዋስ አልነበረም። ቃሉ የአባቴ ነውና እናቴ እምቢ ማለት አልቻለችም። ይደገስ አለች። እሷ ግን ከጓዳ እንደማትወጣ ተናገረች።

«ጥቁር ለብሼ ሙሽራ ፊት አልቆምም» አለች። «ገዷን አላበላሽም።»

«እንግዲያስ አውልቂው፣ እቴ» አላት ታናሽ ወንድሟ፣ አጎቴ ሞላ። «ነጩ ቀሚስ ተሰፍቶልሻል። የንስሐ አባትሽም ፈቅደዋል።»

«የሱን ዓመት ሳላወጣ? አንተ ሞላ፣ ነውር አታውቅም?»

ውባለም ጥጥ ስትፈለቅቅ ነበር፤ እጇን አቆመች። «እናኑ፣ አንቺ ጓዳ ገብተሽ እኔ ከዚህ ቤት አልወጣም። ጉልበትሽን ሳልስም፣ ማን መርቆኝ ነው የምሄደው?»

«ጓዳ ገብተሽ ትስሚዋለሽ።»

«እንደ ሌባ?»

 ሙሽራ ከመውጣቷ በፊት ዳስ መካከል፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ የእናትና የአባቷን ጉልበት ስማ ትመረቃለች። አባት ከሌለ እናት አለች። ሁለቱም ከሌሉባት ሙሽራ ሰው ምን እንደሚል ውባለም ታውቅ ነበር፤ ያልተመረቀች ይሏታል፤ ከዚያ በኋላ ከብት ቢሞት፣ ልጅ ቢዘገይ፣ ያንኑ ያነሡባታል። ስለዚህ ነገሩ ቋጠሮ ሆነ። አንዷ ከሉን ካላወለቅሁ አልወጣም ትላለች፣ አላወልቅም ደግሞ ትላለች፤ ሌላዋ ካልወጣሽ አልሄድም ትላለች። እኔ በመካከላቸው የባላ ጉድጓድ እቆፍር ነበር። የቤቱ የመጀመሪያ ወንድ ልጅ እኔ ነበርኩ፤ ዳሱን መሥራት የእኔ ድርሻ ነው፤ መናገር ግን እስከ ዛሬም አልሆነልኝም።

አጎቴ ሞላ በአገሩ የታወቀ አጋፋሪ ነበር። አጋፋሪ ሰውን በየደረጃው የሚያስቀምጥ፣ ጠላው ለማን ቀድሞ እንደሚቀዳ የሚያዝ፣ የድግሱ ጌታ ማለት ነው። «ድግስ የሚሞቀው በጠላ አይደለም፤ ጠላማ ሐዘን ቤትም አለ» ይል ነበር። «ድግስ የሚሞቀው በአቀማመጥ ነው።» ሠርጉ ሲቃረብ አውድማው ላይ ወሰደኝና ከጆንያ ድንች ዘርግፎ ዳሱን በሙሉ ደረደረልኝ። ትልልቁ ድንች ካህናቱና ሽማግሌዎቹ፣ መካከለኛው ባለትዳሩ፣ ትንንሹ ጎረምሳው ነው። «በየአግዳሚው አንድ ቀልደኛ አስቀምጥ፤ ሁለት ግን አታድርግ፣ ይጣላሉ» አለኝ። «ጆሮው የከበደውን ከለፍላፊው ጎን አድርገው፤ አንዱ ሲያወራ አንዱ ይበላል፣ ሁለቱም ደስ ይላቸዋል። አማቾችን አንድ ላይ አትከምር፤ ተያይተው ያኮርፋሉ። ይህን ደግሞ ከጋኑ አርቀው፤ ማን እንደሆነ ታውቃለህ።» አወቅሁት፣ ጎረቤታችን ነው፤ ሳላስበው ሳቅሁ። ከአባቴ ወዲህ እዚያ ግቢ የሳቅ ድምፅ ሲሰማ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም፤ ምክንያቱም እናቴ ከበረቱ ዞር ብላ መጣች። ድንቹን ቁልቁል አየችው።

«ይህ ትልቁ ማን ነው?»

«አለቃ ናቸው፣ እቴ።»

«ይህስ ጠማማው?»

«እኔ ነኛ! እንዲያው ቆሜ ስውል ወገቤ ተጣሞ።»

ልትስቅ ነበር። ከላይ በኩል፣ ከሽማግሌዎቹ ቀጥሎ ያለውን ባዶ ቦታ ስታይ ግን ፊቷ ተለወጠ። «ይህ ባዶውስ?»

አጎቴ ሞላ አሳለው። «እሱ... እንግዲህ ያው... የቤቱ ነው» አላት። እሷም ወደ በረቱ ተመለሰች። እኛም ድንቹን መልሰን ጆንያው ውስጥ ጨመርነው።

ዛሬ በአዳራሽ የሚደረገውን ሠርግ ሳዘጋጅ የአጎቴን ሕግ ሳላስበው እሠራበታለሁ። ጠረጴዛው ክብ ስለሆነ ያስቸግራል፤ ክብ ጠረጴዛ ላይ ሁሉም እኩል ነው፣ እኩል የሆነ ሰው ደግሞ ቶሎ ስልኩን ያወጣል። ዲጄው ድምፁን ከፍ ባደረገ ቁጥር ሠርጉ የሞቀ ይመስለዋል። እንግዳው ጆሮውን ይዞ ይበላል፣ ፎቶ ይነሣል፣ ይሄዳል። ይህን የምለው ለመውቀስ አይደለም፤ እንጀራዬ ነው። ግን ብዙ ጊዜ ከማጉያው ኋላ ቆሜ፣ የትኛው ጠረጴዛ ላይ ሐዘን እንደተቀመጠ በዓይኔ እፈልጋለሁ። ሁልጊዜም አንድ አለ። አብዛኛውን ጊዜ ወደ ግድግዳው ተጠግቶ ነው።

ቋጠሮውን የፈታው አጎቴ ሞላ ነው፤ ቢያንስ የፈታው መስሎት ነበር። «ከበሮ አይመታም፤ እሺ» አለ። «ማሲንቆ ግን ከበሮ አይደለም። ሲፈልግ ያለቅሳል፣ ሲፈልግ ይስቃል። አዝማሪ አመጣለሁ። ቀስ አድርጎ ይጫወታል፣ የጉና ሰዎችም ዝም ባለ ዳስ ተቀበሉን ብለው አይቀየሙም። እቴ ጓዳዋ ትቀመጥ፤ ውባለምም ገብታ ትሳማት።» ውባለም አለቀሰች፣ ግን እሺ አለች። ጾሙ ደጅ ላይ ቆሞ ነበር፤ ሌላ ምን ታድርግ። አጎቴም ገሳይ ወርዶ፣ ለገበያ ከእብናት የመጣ አንድ ቀጠን ያለ አዝማሪ አግኝቶ ተነጋገረ። እንደ ደንቡ አዝማሪው ማንን እንደሚያወድስ አስቀድሞ ይጠይቃል። «የማን ቤት ነው ሠርጉ?» አለው። አጎቴም፣ «የፈንቴ ቤት» አለው። ውሸት አይደለም። እኛ አገር አባወራ ቢሞትም ቤቱ ስሙን ይዞ ይቀመጣል፤ እረኛው «የፈንቴ ላሞች» ይላል፣ መንገደኛው «በፈንቴ ቤት በኩል እለፍ» ይባላል። በየአግዳሚው የሚቀመጠውን ቀልደኛ ሳይቀር ያሰበ ሰው ይህችን አላሰባትም።

የሠርጉ ዕለት ሰማዩ ጥርት ያለ፣ የጉና ነፋስ ግን የሚቆርጥ ነበር። ዳሱ በሰው ሞላ። አጎቴ ሞላ በትሩን ይዞ፣ «ከፍ በሉ፣ ጠጋ በሉ፣ አንተ ደግሞ ከጋኑ ራቅ!» እያለ ሰውን በየቦታው አስቀመጠ። ሙሽራውና ሚዜዎቹ በበቅሎ ሲደርሱ ልጃገረዶቹ በር ላይ ቆመው አናስገባም የሚለውን ዘፈን ጀመሩ። ያለ ከበሮ፣ ያለ እልልታ፣ ድምፃቸው ቀጥኖ የነፋሱን ያህል እንኳ አልሆነም። ሚዜዎቹ በግፊያ ለመግባት ተዘጋጅተው የመጡ ናቸው፤ የሚገፋቸው ስላጡ ተያዩ።

«ሠርግ ነው ብለውኝ ነበር» አለ አንዱ ሚዜ፣ ለባልደረባው የሾከሾከ መስሎት። «ሰዓታት ነው እንዴ የሚቆመው?»

የሰማው ሁሉ አቀረቀረ። ገብተው ተቀመጡ፤ ምግቡ ቀረበ፣ ጠላው ተቀዳ። ሰው ይበላል፤ የሚሰማው ግን የመብላቱ ድምፅ ብቻ ነው። ውባለም ለሙሽራ ከተጋረደው መጋረጃ ኋላ ሆና ከሽፋኑ ውስጥ እጇን ስታፋትግ ከቆምኩበት በክፍተቱ አየኋት። በአንድ በኩል ደስ ሊለው ተዘጋጅቶ የመጣ ሰው፣ በሌላ በኩል ደግሞ ከጓዳው ግድግዳ ማዶ የተቀመጠች እናት ነበረች። መካከሉ ላይ ውባለም ነበረች። ይህን ጊዜ አጎቴ ሞላ ላቡን ጠርጎ ለአዝማሪው ምልክት ሰጠው።

አዝማሪው ማሲንቆውን ቃኝቶ ተነሣ። የዳሱን ቅዝቃዜ አይቶ ኖሮ፣ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነውና፣ እንደታዘዘው ቀስ አድርጎ አልጀመረም። ቤቱን ለማሞቅ የደጋሹን ስም ከፍ አድርጎ መጥራት እንደሚሻል ገመተ፦

የት ነው ያለው ፈንቴ የዚህ ዳስ ጌታ፣
ብቅ ብሎ ይታይ አይቅርበት ደስታ።

እጅ ወደ አፍ እንደሄደ ቀረ። አዝማሪው ሰው የተመሰጠ መስሎት ደገመው፤ ዓይኑን በየሽማግሌው ፊት እያዞረ ፈንቴን ፈለገ። አጎቴ ሞላ በትሩን በሁለት እጁ ይዞ፣ «ኧረ... ኧረ ሰውዬ...» ብቻ ይላል። አዝማሪው ሦስተኛ ሊጠራው አፉን ሲከፍት የጓዳው በር ተከፈተ።

እናቴ ነበረች። ከሏን እንደለበሰች፣ ነጠላዋን እንዳዘቀዘቀች፣ በዳሱ ሰው ሁሉ መካከል መጣች። አንዲት አሮጊት ደንግጠው አማተቡ። አዝማሪው ጥቁሩን ሲያይ ገባው። ማሲንቆውን ዝቅ አደረገ። እሷ ግን ፊቱ ቆመችና፣ በድግስ ቤት ግጥም የሚሰጥ ሰው ለአዝማሪ የሚለውን አለችው።

«ተቀበል!»

አዝማሪው ደነገጠ፤ ግን ተቀበል የተባለ አዝማሪ እምቢ አይልም። «ይበሉ» አላት።

ሐዘኑ ከብዶኝ ነው የቆየሁ ከጓዳ፣
ከበሮውን ምቱት ልጄ እንዳትጎዳ።

ተቀበለው። አንድ ጊዜ ዝቅ አድርጎ፣ ሁለተኛ ከፍ አድርጎ። ሁለተኛውን ሳይጨርስ አንድ ጎረምሳ ከጎረቤት ቤት ተደብቆ የነበረውን ከበሮ አንጠልጥሎ ገባ፤ ማን እንደላከው እስከ ዛሬ አላውቅም። መጀመሪያ እልል ያሉት ያማተቡት አሮጊት ናቸው። ከዚያ ወዲያ ያለውን በቅደም ተከተል ልነግራችሁ አልችልም። ዳሱ ተንቀጠቀጠ፤ ባላዎቹን በደንብ የቀበርኩ ስለመሆኑ ሥጋት ገባኝ። ሰዓታት ነው ያለው ሚዜ ኮቱን አውልቆ እስክስታውን ሲመታ ሲመታ፣ ሽማግሌዎቹ ሳይቀሩ ተነሡ። ከጋኑ የራቀው ጎረቤታችንም በግርግሩ ተመልሶ ጋኑ ሥር ተገኘ።

አጎቴ ሞላ እናቴን የት እንደሚያስቀምጣት ጠፋው። በሠርግ ዳስ ውስጥ ከል ለለበሰ ሰው የተሠራ ቦታ የለም። ነጩን ቀሚስ ያመጣችው ዘመድ በክንዷ ይዛ ብትቀርብ፣ እናቴ በእጇ ገፋ አደረገችው። «ዓመቱ ሲሞላ» አለች። ሄዳ ከሽማግሌዎቹ ቀጥሎ ከነበረው ባዶ ቦታ ተቀመጠች። ውባለም መጋረጃውን ገልጣ መጣች፤ በነጭ ቀሚሷ ተንበርክካ የጥቁሩን ቀሚስ ጉልበት ሳመች። እናቴ እጇን በራሷ ላይ ጭና ረጅም ምርቃት መረቀቻት፤ «እንደ ጉና ከፍ በይ፤ ቤትሽ አይጉደል፤ ያሰብሽውን አይንሳሽ» የሚለውን ብቻ ሰማሁ፤ የቀረው በከበሮው ተዋጠ። አሜን ግን ከየአግዳሚው ተሰማ። ያልተመረቀች የሚላት ሰው ከእንግዲህ ሊኖር አይችልም። እሷን በበቅሎ ጭነው ወደ ዳገቱ ሲወጡ እናቴ አላለቀሰችም፤ አላጨበጨበችምም። እስኪሰወሩ ድረስ ቆማ አየቻቸው።

ሰው ሲሳሳ አዝማሪው ማሲንቆውን በከረጢቱ ከቶ፣ አንገቱን ደፍቶ ወደ እናቴ መጣ። አጎቴ ሞላም ከኋላው፣ ከእሱ ይበልጥ አንገቱን ደፍቶ ነበር።

«እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለ አዝማሪው። «ማረፋቸውን አልሰማሁም። የቤቱን ስም ብቻ ነው የነገሩኝ።»

«የኔ ጥፋት ነው፣ እቴ» አለ አጎቴ። «ከበሮ ስከለክል ሌላውን ረሳሁት።»

እናቴ ሁለቱንም አየቻቸው። «ምን አጠፋችሁ» አለች። «ካረፈ ጀምሮ እፊቴ ስሙን የጠራ ሰው የለም። ‹እሱ› ትሉታላችሁ፣ ‹ሟች› ትሉታላችሁ፣ ስገባ ወሬ ትቆርጣላችሁ። አንድ ጊዜ ቀብሬው ነበር፤ እናንተ ስሙን ደግማችሁ ቀበራችሁብኝ። እዚያ ጓዳ ተቀምጬ ‹ፈንቴ› ሲባል ስሰማ፣ አይቅርበት ሲባል ስሰማ፣ እውነትም አይቅርበት አልኩ።» ከዚያ ወደ አዝማሪው ዞረች። «እስኪ፣ ልጄ፣ ሳትሄድ እንደ ቅድሙ አድርገህ ጥራልኝ።»

አዝማሪው አጎቴን አየ፤ አጎቴ ራሱን ነቀነቀ። ማሲንቆው ከከረጢቱ ወጣ። ዋንጫ የሚሰበስቡት ሴቶች ባሉበት ቆሙ፤ እኔም አግዳሚ ተሸክሜ ቆምኩ። አዝማሪው ቃኘና፣ ከፍ አድርጎ፣ ሳይፈራ፣ ፈንቴ የት ነው ያለው ብሎ ጠራ። ሁላችንም ሳናስበው ወደ ዳሱ በር ዞርን።